ኖራና ጥቁር ድንጋይ፦ የጎንደር ግንቦች ስለ ጥገና የሚያስተምሩን

ባለፈው መስከረም ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ከድብ ባሕር አካባቢ፣ አንድ ቄሰ ገበዝና ሁለት የሰበካ ጉባኤ አባላት ጎንደር ወደሚገኘው ቢሯችን መጥተው ነበር። በእጃቸው ማኅተም ያረፈበት ማመልከቻ፣ በስልካቸው ደግሞ የደጀ ሰላማቸው ፎቶግራፍ ነበራቸው። ከሦስት ዓመት በፊት በሲሚንቶ የታደሰው ግድግዳ ከወገቡ ላይ አብጧል፤ ልስኑ በሰፋፊው ተገሽልጦ ወድቋል፤ ከሥሩ የሚታየው ጭቃ እርጥብ ነው። እንዲሰጣቸው የጠየቁት ተጨማሪ ሲሚንቶ ነበር። ማመልከቻውን አንብቤ ስጨርስ አንገቴን ደፋሁ። የመጀመሪያውን ጥገና የዕቃ ዝርዝር ያዘጋጀሁት፣ «ሲሚንቶ» ብዬም በእጄ የጻፍሁት እኔ ነበርሁና።

ቄሰ ገበዙ አልወቀሱኝም። «ልጄ፣ ሲሚንቶው አነሰ መሰለን» አሉ ብቻ። ምእመናኑ ከጤፋቸውና ከፍየላቸው ሽያጭ አዋጥተው ያሠሩት ሥራ ስለሆነ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ያፈረሰው የሲሚንቶው ማነስ ሳይሆን ሲሚንቶው ራሱ መሆኑን በቃል ብቻ ብነግራቸው ያምኑኛል ብዬ ስላላሰብሁ በማግሥቱ ማለዳ አብረን ወደ ፋሲል ግቢ ወጣን። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያየነውንና የተነጋገርነውን የያዘ ነው፤ በየሰበካቸው አሮጌ ግንብ ያላቸው አንባብያን ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁና። የጠቀስኋቸው ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አዋጅ የጠቀስሁበት ቦታ ብቻ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ጎንደርን ዓፄ ፋሲለደስ (1632–1667) መናገሻቸው ያደረጓት በ1636 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊትም በአገራችን የድንጋይ ሥራ ያረጀና የተከበረ ሙያ ነበር። የአክሱም ሰዎች ድንጋይን በጭቃ እያያያዙ፣ በመካከሉም እንጨት እያጋደሙ ታላላቅ ሕንፃዎችን አቁመዋል። በላሊበላ ደግሞ አለቱ ራሱ ስለተፈለፈለ ማያያዣ አላስፈለገም። በኖራ የተያያዘ ግንብ በሰፊው የታየው ግን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣና ዙሪያና በጎንደር ነው። በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገሪቱ የነበሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት እንደጻፉት፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ የታወቀው በ1620ዎቹ ሲሆን የለየውም ከህንድ የመጣ ሰው ነበር። ይህ ለምን በመዝገብ የሚሰፍር ወሬ እንደሆነ የሰሜን ጎንደርን ተራሮች የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። የምንረግጠው ምድር ከሰሜን ተራራ ጫፍ እስከ ጣና ዳር ከሞላ ጎደል ጥቁር ድንጋይ ነው። ኖራ የሚሆነው ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ ሞልቷል፤ በእኛ ደጋ ግን ብርቅ ነው።

በ1648 ከየመን በመልእክተኛነት የመጣው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የንጉሡን ቤት ባየ ጊዜ በድንጋይና በኖራ መሠራቱን አድንቆ ጽፏል፤ ሠሪውም ህንዳዊ እንደነበረ መዝግቧል። የቀረውን የከተማውን ቤት ሁሉ ግን የሣር ጎጆ ነው ይለዋል። እንግዲህ «ጎንደርን ፖርቱጋሎች ሠሯት» የሚለው የቱሪስት አስጎብኚዎች ተረት ብዙ የሚያስኬድ አይደለም። ከአውሮፓ የመጡት ካህናት ያሳዩት ነገር አለ፤ ፋሲለደስ ግን እነርሱኑ ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው፤ ቤታቸውንም ያሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ከህንድ የመጣ ዕውቀት፣ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ልማድ፣ የኢየሱሳውያኑ ቅስት፣ የአገሬው ግንበኛ እጅ፣ አራቱም በአንድ ግድግዳ ላይ ተገናኝተዋል።

እንግዶቼን በመጀመሪያ ያቆምኋቸው በዚሁ በፋሲለደስ ቤተ መንግሥት ፊት ነው። በአራቱ ማዕዘን አራት ክብ ማማዎች አሉት፤ እያንዳንዱ እንቁላል የመሰለ ጉልላት ደፍቷል። ከመካከላቸው ከፍ ብሎ የሚታየው አራት ማዕዘን ማማ ከመሬት 32 ሜትር ያህል ይርቃል። ግድግዳው ሸካራ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የበሮቹና የመስኮቶቹ ቅስት ግን ቀላ ባለ፣ ለስለስ ባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተከቧል። ጥቁሩ ድንጋይ ለሸክም ይበረታል፣ ለመጥረብ ግን እንቢተኛ ነው። ቀዩ ይታዘዛል፤ ስለዚህ ጠምዘዝ ማለት በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ እርሱ ገባ። ዓይን የሚስበው ውበት ከዚህ የግንበኛ ብልሃት የመጣ ነው። ይኸው ቀይ ድንጋይ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በቁስቋም ወደ መስቀልና ወደ ጌጥ ቅርጽ ተለውጦ በግድግዳው ላይ ሲሰለፍ እናየዋለን።

ቄሰ ገበዙ ግን ዓይናቸው ከጌጡ ላይ አልነበረም። «ሆዱ ውስጥ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ይህን የሚመልሰው ያልፈረሰ ግንብ ሳይሆን የፈረሰ ነው። ወደ ታላቁ ኢያሱ (1682–1706) ቤተ መንግሥት ወሰድኋቸው። ይህ ሕንፃ በ1704 የምድር መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፤ በ1941 ደግሞ እንግሊዞች በጎንደር በመሸገው የኢጣልያ ጦር ላይ በጣሉት ቦምብ ተመትቷል። ጣሪያው የለም፤ በተቆረጡት ግድግዳዎች በኩል ግን ውስጡ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ይነበባል። ግንቡ ሁለት ፊትና አንድ ሆድ አለው። በውጭና በውስጥ በኩል በልክ የተደረደሩ ድንጋዮች ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በደቃቅ ድንጋይ፣ በአሸዋና በኖራ ተሞልቷል። ሁለቱን ፊቶች አንድ አድርጎ የያዛቸው ያ ሆድ ነው። ሆዱ ከሟሟ ፊቶቹ ይለያያሉ፤ ከዚያም ግድግዳው ያብጣል። በድብ ባሕሩ ደጀ ሰላም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ልዩነቱ የዚያ ሆድ በኖራ ምትክ ጭቃ መሆኑ ብቻ ነው።

ኖራ እንዴት እንደሚሠራ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት። የኖራ ድንጋይ በምድጃ እስከ 900 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ሲቃጠል በውስጡ ያለውን አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን፣ ይለቅቃል። የሚቀረው ነጭ ቁራጭ ያልጠፋ ኖራ ይባላል፤ ውኃ ሲነካው እየፈላ ይፈርሳል፤ ለዚህ ነው ያልለመደ ሰው እንዳይነካው የምንከለክለው። ከውኃ ጋር ሲዋሐድ የጠፋ ኖራ ይሆናል፤ በጉድጓድ ውስጥ ውኃ ለብሶ ሲቆይ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ በቆየ ቁጥርም ይሻላል። ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮች መካከል ሲገባ ደግሞ ያንኑ የለቀቀውን አየር ከከባቢው ቀስ በቀስ መልሶ ይስባል፤ ወደ ድንጋይነቱም ይመለሳል። በወፍራም ግንብ ውስጥ ይህ መመለስ ብዙ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህም የኖራ ግንብ ለረጅም ጊዜ ትንሽ ይታዘዛል፤ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይላላል፤ በቀጭኑ ቢሰነጠቅ እንኳ ውኃ ከውስጡ ኖራ አሟሙቶ ያመጣና ስንጥቁን ይሞላዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መተንፈሱ ነው። በጎንደር በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ ዝናብ ጥቂቱ ወደ ግንቡ መግባቱ አይቀርም፤ ከላይ በተሰነጠቀ ሰገነት፣ ከታች በመሠረቱ በኩል ይሰርጋል። ጥያቄው በየት ይወጣል የሚለው ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በእርሱ በኩል መውጫ የለም ማለት ይቻላል። መውጫው በድንጋዮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ነው። ኖራውም ጭቃውም እርጥበትን እንደ ተንን አድርገው ያሳልፉታል፤ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ግንቡ በእነዚያ ቀጫጭን መስመሮች ተንፍሶ ይደርቃል።

አሁን በእነዚያ መስመሮች ላይ ሲሚንቶ እንምረግባቸው። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ሲታይም ያምራል። ነገር ግን ውኃው መግቢያ እንጂ መውጫ እንዳይኖረው ያደርጋል። የመጀመሪያው ክረምት ምንም አያሳይም። በሁለተኛው ልስኑ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ በጣት ሲቆረቁሩት ይታወቃል። በሦስተኛው የታሰረው ውኃ ሆዱን ያሟሟና ክብደቱ ወደ ታች ይከማቻል፤ ጨውም ወደ ገጹ እየተገፋ ለስላሳውን ድንጋይ ከሲሚንቶው ጠርዝ ይበላዋል። በዚህ ምክንያት ከሲሚንቶው ቀድሞ የሚያልቀው ድንጋዩ ይሆናል። ይህን ስል ሲሚንቶን መስደቤ አይደለም፤ በየገጠሩ የምናሠራው የውኃ ገንዳ ያለ ሲሚንቶ አይቆምም። ገንዳ የሚፈለገው ውኃ እንዲይዝ ነው፤ ግድግዳ የሚፈለገው እንዳይዝ ነው።

ይህን ስሕተት የሠራሁት የመጀመሪያው ሰው አለመሆኔን ማወቄ ትንሽ አጽናንቶኛል። የኢጣልያ ጦር በ1936 ጎንደርን በያዘ ጊዜ የፍሎረንሱ አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ለከተማዋ ፕላን አወጣ፤ ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር፣ ክሬም ቀለም የተቀቡት ቤቶችና ፖስታ ቤቱ የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ጣልያኖቹ የነገሥታቱንም ግንቦች ጠግነዋል፤ ጥገናው ውስጥ ግን ሲሚንቶና ብረት የገባበት ኮንክሪት ነበረበት። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ያን እየነቀሉ ወደ ኖራ ለመመለስ ተገደዋል። «ጣልያንና እኔ አንድ ዓይነት ጥፋት አጥፍተናል» ስላቸው ቄሰ ገበዙ ሳቁ፤ «እርሱ እንኳ ሄደ፤ አንተ ግን እዚሁ ነህና ትነቅለዋለህ» አሉኝ።

ከግቢው ወጥተን ቅጽሩን ዞርነው። ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ነው፤ ከበሮቹ ብዙዎቹ በስማቸው ወደየት እንደሚያወጡና ማን ይመላለስባቸው እንደነበረ ይናገራሉ፦ ፊት በር፣ ወምበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር። ጎብኚ ይህን ሁሉ እንደ ምሽግ ያየዋል። የጎንደር ሰው ግን ቅጽሩን የሚያውቀው ከበስተኋላውና ከፊቱ ባሉት አድባራት ነው፦ ግምጃ ቤት ማርያም፣ እልፍኝ ጊዮርጊስ፣ አደባባይ ኢየሱስ፣ አደባባይ ተክለ ሃይማኖት። የከተማዋ ሰፈሮችም የቤተ ክህነትን መልክ ይዘው ነው የተከፋፈሉት፤ የጳጳሱ ሰፈር አቡን ቤት፣ የእጨጌው ሰፈር እጨጌ ቤት ይባላል። የ44ቱ ታቦት ከተማ መባሏም ከዚሁ ነው። በእኔ አስተያየት የጎንደርን አሮጌ ሰፈር የቤተ መንግሥት ቅርስ ብቻ አድርጎ ማየት ግማሹን መጣል ነው። ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋምና የፋሲለደስ መዋኛ አብረውት ተመዝግበዋል።

ግንቦቹን የሠሩት እጆች ግን የእኛው ምእመናን እጆች ብቻ አልነበሩም። እንግዶቼ ከደባርቅ ሲመጡ ወደ ከተማ ሳይገቡ ወለቃን አልፈዋል። ወለቃ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች፤ ከእነርሱ መካከል የወጡ ግንበኞች፣ አናጺዎችና አንጥረኞች በጎንደር ነገሥታት ሥራ ላይ ለትውልዶች ተሰማርተዋል። በ1668 በዓፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። በሰፈር ተለዩ፤ በግድግዳው ውስጥ ግን ሥራቸው አልተለየም። ዛሬ የወለቃ ልጆች አብዛኞቹ በእስራኤል ይኖራሉ፤ ከጎንደርም የኖራ ግንበኛ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሙያውን ይዘው የቀሩት ጥቂቶች በፋሲል ግቢ ጥገና የሠለጠኑ ናቸው። ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። አንድ ዲያቆን ዜማ ለመማር ዓመታት እንደሚያስፈልገው ሁሉ ግንበኛም ኖራን በዓይኑና በመዳፉ ለማወቅ ዓመታት ያስፈልጉታል። ለቆርቆሮና ለቀለም ገንዘብ ስናሰባስብ ለዚህ ሥልጠና አንድም ቀን አለመለመናችን ያሳዝነኛል።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደረስን። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን በታላቁ ኢያሱ የተሠራ ክብ ሕንፃ ነበር፤ በ1707 መብረቅ አጠፋው። ዛሬ የሚታየው ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ከዚያ በኋላ የተተካ ነው። ደርቡሾች በ1888 የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥሉ የንብ መንጋ ወጥቶ እንዳባረራቸውና ይህ ቤተ ክርስቲያን እንደተረፈ አባቶች ይተርካሉ። ሁሉም ጎብኚ ቀና ብሎ በጣሪያው ያሉትን የኪሩቤል ፊቶች ይቆጥራል። እኔ ግን እንግዶቼን ወደ ውጭ አወጣኋቸው፤ የክዳኑን ጫፍ እንዲያዩ። የሣር ክዳኑ ከግድግዳው ርቆ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ የዝናቡ ጠብታ የሚወርደው ከግድግዳው እግር ርቆ ነው። በብዙ ቦታ ሣሩ በቆርቆሮ ሲተካ ይህ ዝርግነት ተቆርጧል፤ አሸንዳም አልተገጠመም። ከዚያ ወዲህ የክዳኑ ውኃ ሁሉ በግድግዳው ሥር ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ላይ ይሰርጋል፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕላት ከታች ጀምረው ይደበዝዛሉ። ሥዕሉን የሚያጠፋው ከሠላሳ ክንድ በላይ ያለ የክዳን ጫፍ ነው ቢባል ለማመን ያስቸግራል፤ ሆኖም እንዲሁ ነው።

«የእኛም ቆርቆሮ አጭር ነው» አሉ ከሰበካ ጉባኤው አባላት አንዱ ቀስ ብለው።

በመመለሻችን ከአሮጌዎቹ የመኖሪያ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ቆመን ነበር፤ ከውጭ በድንጋይ ደረጃ ወደ ሰገነቱ የሚወጣበት፣ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ቤት። እንዲህ ያሉት ቤቶች በማንም መዝገብ ላይ ስማቸው ላይገኝ ይችላል፤ በየዓመቱም አንዳንዱ እየፈረሰ በብሎኬትና በመስታወት ይተካል። ባለቤቶቹን መውቀስ አልችልም፤ ለአምስት ልጆች የማይበቃ ቤት ቅርስ ነው ተብሎ ብቻ አይቆምም። ግን ብዙዎቹ የፈረሱት ያረጁ ሆነው ሳይሆን አንድ ጊዜ በሲሚንቶ «ተጠግነው» ስለታነቁ ነው። ቤተ ክርስቲያን በአጥሯ ዙሪያ በኪራይ የምታስተዳድራቸው አሮጌ ቤቶች ላሏት ሰበካዎች ይህ በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

በተመዘገበ ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ መዶሻ ማንሳት በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ አስታውሳለሁ፤ የአካባቢውን የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ማነጋገር ይገባል። በመዝገብ ላልሰፈሩትም ቢሆን ሥራው በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይበጃል። ከሁሉ አስቀድሞ ውኃውን ከግድግዳው ማራቅ ነው፤ አሸንዳ መግጠም፣ ቦይ መቆፈር፣ በግንቡ እግር የተከመረውን አፈርና በማማው ራስ ላይ የበቀለውን ዛፍ ማንሳት። የዋርካ ችግኝ በትንሽነቱ በእጅ ይነቀላል፤ በፋሲለደስ መዋኛ ቅጽር ላይ እንደምናየው ሥሩ ግንቡን ካቀፈው በኋላ ግን ቢቆረጥም ባይቆረጥም ያሳስባል። ቀጥሎ አሮጌው ማያያዣ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ጭቃ ከሆነ በጭቃ፣ ኖራ ከሆነ በኖራ መመለስ። የኖራ ሥራ የሚሠራው ዝናብ ካቆመ በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ቶሎ እንዳያደርቀውም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ለቀናት ይረጠባል። ሲሚንቶ የለመደ ግንበኛ በዚህ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ውሉ በቀን ሒሳብ እንጂ በካሬ ሜትር እንዳይሆን የምመክረውም ለዚህ ነው።

የድብ ባሕሩን ማመልከቻ እንደገና ጻፍነው። ሲሚንቶ የሚለው ቃል ወጥቶ ያልጠፋ ኖራ፣ የታጠበ አሸዋ፣ የአሸንዳ ቆርቆሮና የአንድ ግንበኛ የሁለት ወር አበል ገባበት። በዋጋ ከቀድሞው ብዙም አልተለየም፤ በጊዜ ግን እጥፍ ሆኗል፤ ይህንንም ለምእመናኑ የማስረዳቱን ሸክም ቄሰ ገበዙ ወሰዱ። በጥቅምት መጨረሻ ወደ ስፍራው ስወርድ የሰበካው ወጣቶች ሲሚንቶውን በመሮ እየፈለፈሉ አወጡት፤ ከሥሩ የወጣው ጭቃ በሳምንት ውስጥ ነጣ። ያበጠው ክፍል ግን ፈርሶ እንደገና መደርደር አለበት። ግንበኛው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ይወርዳል። የኖራው ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ኖራው ጠፍቶ፣ ውኃ ለብሶ ተቀምጧል፤ ሕፃናትና ከብቶች እንዳይገቡበት ቄሰ ገበዙ ዙሪያውን በእሾህ አጥረውታል።